ሃያ አራት ጊዜ ያነሰች መኪና

የሰልዋ መልእክት የደረሰኝ ጅዳ፣ ሰቢል ሰፈር፣ የምንኖርበት ሕንፃ ጣራ ላይ ልብስ ሳሰጣ ነው። ሰልዋ መካ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛ ትናገራለች እንጂ አትጽፍም፤ እኔ ደግሞ አረብኛ እሰማለሁ እንጂ አላነብም። ስለዚህ የምንላላከው ሁልጊዜ በድምፅ ነው። «ኡሙ ሂክማ፣ ባባ ከሱብሒ በኋላ ወደ አኺራ ሄደ። ዝሁር ላይ ሐረም መስጊድ ይሰገድበታል። ያላ ነይ፣ ግን አትሩጪ፤ መንገዱን ተጠንቀቂ» ትላለች። አባቷ በሞቱበት ቀን እንኳ «ተጠንቀቂ» ያለችኝ ጠባዬን ስለምታውቅ ነው። ኢናሊላሂ ብዬ የቀረውን ልብስ አሰጣሁ። እርጥብ ልብስ ባልዲ ውስጥ ትቶ መሄድ አይሆንልኝም። ጋዙን ሁለት ጊዜ አየሁ፣ በሩን ቆልፌ ተመልሼ ገፋሁት፣ ለልጄ ለሂክማ የት እንደምሄድ ነግሬ ወጣሁ። ማልቀስ የጀመርኩት ታክሲው ውስጥ ነው።

አሚ ሷሊህ ነበሩ የሞቱት። «አሚ» አረብኛ ነው፣ አጎቴ ማለት ነው፤ መካ ውስጥ ትልቅ ሰው እንዲህ ይጠራል። አባታቸው ለሐጅ ከወሎ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ የመኪና ላሜራ ቀጥቅጠው ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። አሚ ሷሊህም የአባታቸውን ሙያ ይዘው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰምከሪ ሆነው ሠሩ፤ ሰምከሪ የሚባለው የተጋጨ መኪና አካል የሚያቃና ባለሙያ ነው። የሚናገሩት አማርኛ እኔ ከማውቀው የቆየ ነበር። አገራችን ሽማግሌዎች ብቻ የሚያወጡትን ቃል ያወጡና መጨረሻው ላይ «ኸላስ» ብለው ይዘጉታል።

እኔ ወደ ቤታቸው የገባሁት ግን እህታቸውን ለመርዳት ነው። ሲቲ ረሕማ እንላቸዋለን፤ ሲቲ እመቤቴ እንደ ማለት ነው። ከአሚ ሷሊህ በሰባት ዓመት ይበልጣሉ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ወንድምና እህት ሁለቱም የትዳር ጓደኛ ሞቶባቸው አንድ ቤት ይኖሩ ነበር። የሰልዋ ባል ከፊል፣ ማለትም ዋስ አሠሪ ሆኖኝ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማም በእሱ በኩል ወጥቶ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከጅዳ መካ እየተመላለስኩ ሲቲ ረሕማን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ቤቱን አጸዳለሁ። መንገዱ በሹመይሲ በኩል ነው፤ ወረቀት የሌላቸው አገራቸው እስኪላኩ የሚያዙበት ቦታ ማለት ነው። ኢቃማዬ አንድም ቀን ጊዜው አልፎበት አያውቅም። ሆኖም ሹመይሲ ስንደርስ ከቦርሳዬ አውጥቼ በእጄ ይዤው ካላለፍኩ ትንፋሼ አይመለስም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ነገር አይረሳኝም። ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ምላጭ፣ ሞረድ፣ ሙጫ፣ ብርጭቆ ወረቀትና የተሰባበረ ፕላስቲክ ተከምሯል። እኔ ስለታም ነገር ሜዳ ላይ ሳይ ሰውነቴ ይርዳል። ምላጮቹን ሰብስቤ ጣሳ ውስጥ ከተትኩና የተሰባበረውን ሁሉ ጠርጌ በጥቁር ፌስታል አውጥቼ ጣልኩት። አሚ ሷሊህ ከዐስር ሰላት ሲመለሱ ጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

«እዚህ የነበሩት ቁርጥራጮች የት ገቡ፣ ልጄ?»

«ቆሻሻ መስሎኝ ጣልኳቸው፣ አሚ።»

ዞረው ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ሦስት ፎቅ ወርደው መንገድ ዳር ያለውን ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ ከፈቱ፣ ራሳቸው ላይ የጣሉትን ጨርቅ፣ ጉትራቸውን፣ አስፋልት ላይ አነጠፉና ፌስታሉን ዘረገፉት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለኝም እያልኩ አያቸዋለሁ። እሳቸው ግን አንድ በአንድ እያነሱ «ይቺ የኋላ በር ናት። ይቺ የጣራ ግማሽ። ይቺ ኮፈን» ይሉኛል፤ ልክ ዘመድ እንደሚያስተዋውቅ ሰው። ጨርሰው ሲነሡ «አብሽሪ» አሉኝ፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። «ጥሩ ጠራጊ ነሽ። አንዲት ፍንጣሪ አላስቀረሽም።»

እነዚያ ቁርጥራጮች ምን እንደሆኑ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። ሳጥን ውስጥ ተበታትኖ የሚሸጥ የፕላስቲክ መኪና አለ። የገዛው ሰው ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል እያየ በሙጫ ይገጣጥመዋል። ከእውነተኛው መኪና ልክ ሃያ አራት ጊዜ ያነሰ ነው፤ በሩም፣ ጎማውም፣ ወንበሩም፣ ሁሉም ሃያ አራት ጊዜ። ብዙ ሰው እንደ ሥዕሉ ሠርቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። አሚ ሷሊህ ግን ሥዕሉን አንድ ጊዜ አይተው ሳጥኑን ይገለብጡታል። የቤት መኪናውን ቆርጠው ዋኔት ያደርጉታል፤ እዚያ አገር ዋኔት የሚባለው ኋላው ክፍት የሆነው የጭነት መኪና ነው። ባለ ሁለት በሩን ባለ አራት ያደርጉታል። ታክሲውን አምቡላንስ፣ አምቡላንሱን የአትክልት ነጋዴ መኪና።

ሳጥኖቹን ከጅዳ እየገዛች የምታመጣላቸው ሰልዋ ናትና ይቆጫታል። «ባባ፣ ወላሂ ሥዕሉ በጣም ያምራል። ለምን እሱን አትሠራም? ለምን ታበላሻለህ?»

«እሱንማ ፋብሪካው ሠርቶታል» ይላሉ። «እኔ ደግሜ ብሠራው ምን ጨመርኩ?»

ከጊዜ በኋላ ሲቲ ረሕማ ከምሳ በኋላ ሲተኙ እኔም ጠረጴዛው አጠገብ መቀመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝ። ለሁለት የተቆረጠ ነገር ሲጣበቅ ስፌቱ ላይ ስቱኮ ይቀባል፣ ሲደርቅ መገጣጠሚያው በጣት እስኪጠፋ ድረስ ይፈገፈጋል። ለእኔ የተፈጠረ ሥራ ነበር። አንድ ነገር አሥር ጊዜ ካላየሁ የማላምን ሴት ነኝ፤ እሳቸው «ኸላስ፣ በቃ» ካላሉኝ ፕላስቲኩ ተፈግፍጎ ያልቃል። ከዚያ መለካት ሰጡኝ። መቁረጥ ግን እምቢ አልኩ።

«ምላጭ እፈራለሁ፣ አሚ።»

«የሚፈራ ሰው ነው ደህና ቆራጭ። እኔ እሠራበት ከነበረው ቦታ ጣታቸውን ያጡት ሁሉ የማይፈሩት ናቸው። ፍርሃትሽን ሥራ ስጪው፤ ሥራ ሲፈታ ነው የሚያምሰሽ።»

ይቺን ንግግር ብዙ ቀን አስቤያታለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትዘገይ፣ ባሌ ስልክ ሳያነሣ ሲቀር፣ ትዝ ትለኛለች። ድሮ መስኮት ላይ ቆሜ እንቆራጠጥ ነበር። አሁን ምስር እለቅማለሁ።

መቁረጥን በተመለከተ የማያወላዳ ሕግ ነበራቸው። ከመቁረጣቸው በፊት መስመር ያሰምራሉ፣ ከዚያ ሌላ ቀጭን መስመር አጠገቡ ያሰምራሉ። «ይቺኛዋ የመጋዙ ናት» ይሉኛል። መጋዝ ሲያልፍ ዱቄት አድርጎ የሚበላው አለ፤ እሱን ያላሰበ ሰው ሥራው ሁልጊዜ ያጥርበታል። ጎረምሳ እያሉ፣ የአንድ ሰው መኪና ሁለት ቦታ ቆርጠው ሲገጥሙት በሩ አልዘጋ ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው። አባታቸው ከወለሉ ላይ የብረቱን ዱቄት ጠርገው በእፍኛቸው አድርገው ሰጧቸው። «ጎደለ ያልከው ይኸውልህ» አሏቸው። ይህን ሲያወሩ እፍኛቸውን ዘርግተው ያሳዩኛል፣ ዱቄቱ እስከ ዛሬ እዚያ ያለ ይመስል።

መደርደሪያቸው ላይ ከሁሉ የምወደው ጣራ የሌለውን አውቶቡስ ነበር። ከሐጃጆች መሀል፣ ወንዱ የሐጅ ልብሱን፣ ኢሕራም፣ ከለበሰ በኋላ በቀን ጣራ ሥር መጓዝ የለበትም የሚሉ አሉ። ለእነሱ ተብሎ አውቶቡሶች ጣራቸው ይቆረጣል። አሚ ሷሊህ በሙያቸው ዘመን ብዙ ቆርጠዋል። «ጣራ መቁረጥማ ማንም ይቆርጣል» አሉኝ። «ጣራው ከሄደ በኋላ አውቶቡሱ ወገቡ እንዳይሰበር ከሥር ማጠንከር ነው ሙያው። ሰው የሚያየው የተቆረጠውን ነው፤ የታሰረውን አያይም።» ትንሿን አውቶቡስ ገልብጠው ሆዷን አሳዩኝ። ማንም የማያየው ቦታ ላይ ሦስት ቀጫጭን የፕላስቲክ አግዳሚዎች ተጣብቀዋል።

ይህ ሁሉ ግን ለእሳቸው እንደ ማለማመጃ ነበር። ልባቸው ያለው አንዲት መኪና ላይ ነው።

አባታቸው አንዲት ትንሽ የቤት መኪና ነበረቻቸው፤ ቆርጠው ዋኔት አድርገዋታል። አሚ ሷሊህ አምስት ዓመት ሲሆናቸው ስለተሸጠች የሚያስታውሱት አረንጓዴ መሆኗንና ፀሐይ ላይ የምትሸተውን ሽታ ብቻ ነው። ፎቶ የለም። የተቆረጠችው በአባታቸው እጅ ስለሆነ ሌላ እሷን የምትመስል መኪና በዓለም ላይ የለችም። የፋብሪካው ዓይነት ግን በሳጥን ይገኛል። ስለዚህ ያንን እየገዙ፣ እየቆረጡ፣ የአባታቸውን መኪና ለመሥራት ይሞክራሉ። ምስክሯ አንድ ሰው ብቻ ናት፤ ያኔ ልጅ የነበረችው እህታቸው።

አዲስ ሠርተው በጨረሱ ቁጥር ሲቲ ረሕማ ጭን ላይ ያስቀምጡላቸዋል። ሲቲ ረሕማ በጣታቸው ከፊት ጀምረው ይሄዳሉ፤ መብራቱን፣ ኮፈኑን፣ መስታወቱን። የሹፌሩ በር ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸውንና አመልካች ጣታቸውን ከፍተው በሩን እንደ ስንዝር ይይዙታል። ያንኑ ስንዝር ሳያጠቡ ኋላው መጫኛ ላይ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ያገላብጡታል። ሁለተኛው ላይ ጣታቸው ከመኪናዋ ያልፍና አየር ላይ ይቀራል። እኔ ልማድ ይመስለኝ ነበር፣ ዚክር እንደሚቆጥር ሰው።

«አጭር ናት» ይላሉ።

«እታለም፣ እንዴት አጭር ትሆናለች? የፋብሪካው ልክ እኮ ነው! አባባ ጣራዋን ቆረጠ እንጂ አልቀጠላትም። መኪና እንደ ልጅ አያድግም።»

«አጭር ናት።»

«አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ ትልቅ መስላሽ ነው።»

«አንተ ደግሞ ያኔ አፍንጫህን መጥረግ አታውቅም ነበር። የማናችን ይታመናል?»

በዚህ ይለያያሉ። አሚ ሷሊህ ያቺን መኪና ከሌሎቹ ጋር ይደረድሯታል። እኔ በገባሁበት ጊዜ አምስት ነበሩ፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም አጭር። ምን ያህል ልትረዝም እንደሚገባ ሲቲ ረሕማ አይናገሩም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «አጭር ናት» ብለው ይደግማሉ። የእርጅና ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

ኋላ ላይ የአሚ ሷሊህ ዓይን መድከም ጀመረ። የስኳር በሽታቸው ነው። ሐኪሙ የቀረው ብርሃን ብዙ ወራት እንደማይቆይ ለሰልዋ ነገራት፣ ሰልዋ ለእኔ፤ እኔ ለማንም አልተናገርኩም። እሳቸው ግን ከሁላችንም በፊት አውቀውታል። አንድ ቀን ሥራ እየሠራን «አንድ መኪና የሚበቃ ዓይን አለኝ» አሉኝ። «እታለም ‹ይቺ ናት› ስትል ሰምቼ ቢጨልምብኝ አይከፋኝም። ‹አጭር ናት› እንዳለችኝ ግን አልታወርም።»

የመጨረሻውን ሳጥን ከፍተው ሊሠሩ ሲሞክሩ ሙጫው አምልጦ የኋላውን ወገን አቀለጠው። ከቀደሙት ሁሉ መሀል ሊፈቱት የሚችሉት አንዱን ብቻ ነበር፤ የእሱ ደግሞ ፊቱ ድሮ ወድቆ ተሰንጥቋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አደረጓቸው። አንዱ ፊቱ ደህና ነው፣ ሌላው ኋላው።

«ከሁለቱ አንድ እናወጣለን» አሉኝ። «ግን እኔ መስመሩ አይታየኝም። አንቺ ትቆርጫለሽ።»

«አሚ፣ ወላሂ እጄን አላምነውም።»

«የእኔስ?»

መስመሩን እሳቸው እየነገሩኝ እኔ አሰመርኩ፤ በሁለቱም ላይ እኩል ቦታ፣ ከሹፌሩ በር ጀርባ። የመጋዙንም መስመር አሰመርኩ። ከዚያ ሲቲ ረሕማን አብልቼ፣ አሚ ሷሊህ ወደ መስጊድ ሲወጡ ቢስሚላህ ብዬ ትንሿን መጋዝ አነሣሁ።

አንድ ነገር ልናገር። እኔ ለሂክማ ልብስ የምሰፋው ራሴ ነኝ፤ በልኳ ቆርጬ ግን አላውቅም። ሁልጊዜ ሁለት ጣት ትርፍ ወደ ውስጥ አጥፌ እሰፋለሁ። ልጅ ታድጋለች፤ የረዘመ ይታጠፋል፣ ያጠረ ከየት ይመጣል? መጋዙን ስይዝ እጄ ያወቀው ይህንኑ ነው። መስመሩ ላይ አድርጌ መልሼ አነሣሁት። ባጎድለውስ? ሌላ ሳጥን ቢመጣም ሌላ ዓይን አይመጣም። ስለዚህ ከፊተኛው ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቼ ቆረጥኩ። ከኋለኛውም እንዲሁ አንድ ጣት ወደ ውጭ። ኋላ እሳቸው ባሉበት ይቀነሳል ብዬ ነው። ሁለቱን ትርፎች አንድ ላይ ማሰብ አልመጣልኝም።

አሚ ሷሊህ ተመልሰው ግማሾቹን በወረቀት ፕላስተር እንዳያይዛቸው አዘዙኝ። አያያዝኩና መዳፋቸው ላይ አደረግኩላቸው። እጃቸው ወዲያው ቆመ።

«ኡሙ ሂክማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ትንሽ ትርፍ ትቻለሁ።»

«ትንሽ? ጀናዛ ትሸከም እንዴ?» ሳቁ። ያልተቆጡት ፊቴን ሳያዩ ድምፄን ስለሰሙ ይመስለኛል። «አብሽሪ፣ ነገ እንቀንሰዋለን። የረዘመ መድኃኒት አለው።»

ሲቲ ረሕማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። «አምጣት» አሉ።

«እታለም፣ ገና ናት። ተሳስተን ነው።»

«አምጣት እንጂ።»

ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከፊት ጀመሩ። መብራት፣ ኮፈን፣ መስታወት። የሹፌሩን በር በስንዝር ያዙ። ስንዝሩን ኋላው ላይ አገላበጡት፤ አንድ። ሁለት። ጣታቸው አየር ላይ አልቀረም። የመኪናዋ ጫፍ ላይ ዐረፈ፣ ከእሱም አልፎ ጥፍር የምታህል ቀረች። ደጋግመው ለኩ። ከዚያ እጃቸውን መኪናዋ ላይ ዘረጉ።

«ይቺን ጥፍር የምታህለውን አንሱላት» አሉ። «ከዚያ ይቺ ናት።»

አሚ ሷሊህ የሚቀመጡበት አጡ። እኔ ወንበር ገፋሁላቸው።

«እታለም፣ ይሄ እኮ የኡሙ ሂክማ ስሕተት ነው። መኪናዋ እንዲህ ልትረዝም አትችልም።»

«አባባ ቀጥሏታል።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

«ሲለካ የገመዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ምኑን ሲለካ?»

ሲቲ ረሕማ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እንድወጣ የፈለጉ መስሎኝ ብድግ አልኩ። «ተቀመጪ» አሉኝ። «አንቺም እናት ነሽ።» ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞረው «እምዬን» አሉ።

አሚ ሷሊህ የሚያውቁት እናታቸው በሐጅ ሰሞን ንዳድ ይዟቸው፣ እሳቸው ሁለት ዓመት ሲሆናቸው እንደሞቱ ነው። እህታቸው እንደዚያ ነግረዋቸው ነበር ያደጉት። እውነቱ ሌላ ነበር። እናታቸው እሳቸውን ከወለዱ በኋላ አልተነሡም። ጅዳ ያለ ሐኪም ጋ መመላለስ ነበረባቸው፣ መቀመጥ ግን አልቻሉም። አባትየው መኪናዋን የቆረጡት ሚስታቸውን አስተኝተው ለመውሰድ ነው። የተኙበት ድረስ ሄደው በገመድ ለኳቸው። የሰባት ዓመቷ ረሕማ እግራቸው ጋ የገመዱን ጫፍ ያዘች። አባትየው ገመዱን ለሁለት አጥፈው የሹፌሩ በር ላይ ቢይዙት ልክ የበሩን ስፋት ሆነ። «ሁለት በር ናት» አሉ። የመኪናዋ መጫኛ ሁለት በር የሚያህል ርዝመት አልነበረውም፤ ስለዚህ ሌላ ላሜራ ፈልገው ቀጠሏት። ላሜራው ልክ ልኩን ነበር። ተኝተው ሲሄዱ ራሳቸው ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ፣ እግራቸው የኋላውን መዝጊያ ይነካ ነበር። ረሕማ አጠገባቸው ተቀምጣ ጨርቅ ታለብሳቸው ነበር። አርባ ቀን ሳይሞላ ሞቱ።

«ሰፈር ውስጥ እናቱን የበላ ይሉሃል ብዬ ፈራሁ» አሉ ሲቲ ረሕማ። «ያኔ እንደዚያ ይባል ነበር። አባባን ንዳድ ነው በል አልኩት፣ እሱም እሺ አለ። ከዚያ በኋላ መቼ ልንገርህ? ስታገባ? ስትወልድ? ዓመቱ ሄደ።»

«መኪናዋን ስሠራ ዝም አልሽ።»

«አጭር ናት አልኩህ እንጂ መች ዝም አልኩ? ረዥም ናት ብዬ ልኳን ብነግርህ ለምን ብለህ ትጠይቃለህ። ደህና ናት ብዬ ደግሞ አልዋሽም። አንድ ውሸት ይበቃኛል።»

የአሚ ሷሊህ ሁለት እጆች ጉልበታቸው ላይ ነበሩ። ስለ እሳቸው ፈራሁ፤ ስኳሩ ይነሣባቸዋል ብዬ ውኃ አመጣሁ፣ አልጠጡም። እጃቸውን ዘረጉ።

«መኪናዋን ስጪኝ። ብርጭቆ ወረቀትም።»

ያቺን ጥፍር የምታህለውን ትርፍ እኔ እንድነካ አልፈቀዱም። ጭናቸው ላይ አድርገው ራሳቸው በዳበሳ መፈግፈግ ጀመሩ። ጥቂት ፈግፍገው ለእህታቸው ይሰጣሉ፤ ሲቲ ረሕማ በስንዝር ለክተው «ገና» ይሉና ይመልሱላቸዋል። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ነጭ ዱቄት ጉልበታቸው ላይ ተከመረ። በመጨረሻ የሲቲ ረሕማ ሁለተኛ ስንዝር ከመኪናዋ ጫፍ ጋር እኩል ሆኖ ቆመ። «በቃ» አሉ።

«ኡሙ ሂክማ፣ ማስመሪያ» አሉ አሚ ሷሊህ። «ከሹፌሩ ግድግዳ እስከ ኋላ መዝጊያው ለኪልኝ።»

ለካሁ። ሰባት ሴንቲ ሜትር። ተሳስቼ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰባት ነው።

«በሃያ አራት አብዢልኝ።»

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፣ ማባዛት ግን ደርሼበታለሁ። ሳጥኑ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ። ሰባት ጊዜ ሃያ መቶ አርባ፣ ሰባት ጊዜ አራት ሃያ ስምንት። «መቶ ስድሳ ስምንት» አልኩ። ያኔ ነው ምን እንደፈለጉ የገባኝ፤ የእናታቸውን ቁመት። እናታቸውን አይተዋቸው አያውቁም፣ ፎቶም የላቸውም።

ከመሳቢያው ሜትር አውጥቼ የሳሎኑ በር መቃን ላይ ከወለሉ መቶ ስድሳ ስምንት ለክቼ በእርሳስ አሰመርኩ። ቀጭን ስለሆነ አይታያቸውም ብዬ ደግሜ አጠቆርኩት። አሚ ሷሊህ ተነሥተው መጡ። መስመሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ዞረው ጀርባቸውን ለመቃኑ ሰጥተው እንደ ተማሪ ቀጥ አሉ። ማስመሪያውን አናታቸው ላይ አጋደምኩት።

«በስንት?» አሉኝ።

«በአራት ጣት ይበልጡዎታል፣ አሚ።»

«ጫማ አልነበራትም» አሉ ሲቲ ረሕማ ከወንበራቸው። «ባዶ እግሯን ነው የለካናት።»

አሚ ሷሊህ ሸበጣቸውን አወለቁና እንደገና መቃኑን ተደገፉ።